ሰዓሊ፣ ፎቶ አንሺ፣ ክራር ደርዳሪና ልብስ ዲዛይነር በአንድ ኮንዶሚኒየም፦ ቤቱ እንዴት ይጌጥ?

አዲስ አበባ ውስጥ ለብቻው ቤት ተከራይቶ መኖር የሚችል ወጣት የጥበብ ሰው ጥቂት ነው። ሦስት አራት ሆነው ጀሞ ወይም ሰሚት ወይም የካ አባዶ ባለ ሁለት፣ ባለ ሦስት መኝታ ኮንዶሚኒየም ይይዛሉ። እንዲህ ያለውን ቤት ማስጌጥ የሚከብደው ሐሳብ ጠፍቶ ሳይሆን ሐሳብ ስለሚበዛ ነው። ሁሉም ዓይን አለው፣ የሁሉም እጅ ይሠራል፤ ሳሎኑ ግን አንድ ነው፣ ግድግዳውም የአከራይ ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። በጋራው ክፍል ውስጥ ግድግዳው ጸጥ ይበል፤ ጨዋታው ሁሉ ተሰቅሎ በሚወርድ ነገር ላይ ይሁን። አንድ ቀለም፣ አንድ መስቀያ፣ ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን ያህል ሥራ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን እንዴት እንደምታደርጉት ነው።

ከሁሉም በፊት ግን ውሉ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። ሁለት ዓመት ለምትቀመጡበት ቤት ቀለም መቀባት አያስቆጭም። ፈቃዱን ግን በቃል ብቻ አትቀበሉ። ከመጀመራችሁ በፊት የእያንዳንዱን ግድግዳ ፎቶ አንሱ፣ “ይህን ቀለም ልንቀባ፣ እዚህ እዚህ ልንበሳ ነው፤ ስንወጣ ቀዳዳውን ደፍነን እንመልሳለን” ብላችሁ ለአከራያችሁ በቴሌግራም ላኩ፣ “እሺ” የሚለውን መልስ አስቀምጡት። የሕንፃው የውጭ ግድግዳ፣ ደረጃውና ኮሪደሩ የጋራ ስለሆኑ አከራያችሁ ቢፈቅዱም እንኳ የነዋሪዎች ማኅበሩን ሳትጠይቁ አትንኳቸው።

ቀለም

ቀለም ከመግዛታችሁ በፊት ግድግዳውን በመዳፋችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ እሹት። ነጭ ዱቄት ከያዛችሁ የቀድሞው ቅብ ኖራ ወይም የላላ ርካሽ ቀለም ነው፤ በላዩ የምትቀቡት ሁሉ ከጥቂት ወራት በኋላ በቅርፊት በቅርፊት ይነሣል። መፍትሔው በደረቅ ብሩሽ መጥረግ፣ በእርጥብ ስፖንጅ ማጠብ፣ አንድ ቀን ማድረቅ፣ ከዚያም ፕራይመር (ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባ መሠረት) መቀባት ነው። ለዚህ ኮላ በውሃ በጥብጣችሁ ቀቡበት የሚሉ አሉ፤ እንዳትሞክሩት። ኮላ እርጥበት ሲያገኝ ተመልሶ ይለሰልስና የላዩን ቀለም ይዞት ይወርዳል።

ከመታጠቢያ ቤት ጋር የሚዋሰነውን ግድግዳ ለብቻው እዩት። እንደ ጨው ያለ ነጭ ነገር ካወጣ ውሃ ከአንድ ቦታ እየሰረገ ነው። ጨዉን በደረቅ ብሩሽ ብቻ አራግፉት፤ በውሃ ካጠባችሁት ሟሙቶ ተመልሶ ይገባል። የሚያፈሰው ቧንቧ ሳይሠራና ግድግዳው ሳይደርቅ ቀለም መቀባት ገንዘብ መጣል ነው። ለዚህ ዓይነት ቤት ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ከክረምቱ እጅግ ይሻላል።

ስንት ቀለም? 4 በ3.5 ሜትር የሆነ፣ ከፍታው 2.6 ሜትር የሆነ ሳሎን እንውሰድ። ዙሪያው 15 ሜትር ነው፤ በ2.6 ሲባዛ 39 ካሬ ሜትር። ለበርና ለመስኮት 6 ካሬ ቀንሱ፣ 33 ይቀራል። ሁለት ዙር ሲቀባ 66 ካሬ። የቆርቆሮው ጽሑፍ አንድ ሊትር ከ10 እስከ 12 ካሬ ይሸፍናል ቢልም የኮንዶሚኒየም ልስን ሻካራ ስለሆነ 8 ብላችሁ አስቡ፤ 8 ሊትር ከሩብ ገደማ ይወጣል። 9 ሊትር ግዙ። የሚተርፈውን በደንብ በሚከደን ዕቃ ውስጥ አስቀምጡ፤ ስትወጡ ትፈልጉታላችሁ። የመጀመሪያውን ዙር ከ20 እስከ 30 በመቶ ውሃ ጨምሩበት፣ ወደ ልስኑ እንዲሰርግ። ሁለተኛውን ወፈር አድርጉት። ከሥር ያለው ጥቁር ሰማያዊ ወይም ቀይ ከሆነ ሦስተኛ ዙር አይቀርላችሁም።

በቱቦ ማቅለሚያ ራሳችሁ የምታቀላቅሉ ከሆነ 9ኙን ሊትር በአንድ ትልቅ ባልዲ፣ በአንድ ጊዜ ቀላቅሉ። ግማሹን ዛሬ ግማሹን ነገ ካቀላቀላችሁ ሰዓሊው ምንም ጎበዝ ቢሆን ያው ቀለም አይመጣም፤ ልዩነቱም በግድግዳው መሐል ላይ ይታያል። ማቅለሚያው ከጠቅላላው 5 በመቶ አይለፍ፤ ካለፈ ቅቡ አይደርቅም፣ ልብስም ይነካል። የውሃ ቀለም ሲደርቅ ጠቆር ይላል። ስለዚህ በ30 በ40 ሳንቲ ሜትር ካርቶን ላይ ቀብታችሁ አድርቁት፣ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ በመብራት ተመልከቱት፤ ከዚያ ተስማሙ።

የትኛው ቀለም? እዚህ ላይ አራት የጥበብ ሰዎች ሲከራከሩ ሊያመሹ ይችላሉ። እኔ የምደግፈው አንድ ነው፦ ነጭ ሆኖ ትንሽ ግራጫ የገባበት። ምክንያቱ የሥራ ነው። ብርቱካናማ ግድግዳ ብርሃኑን ብርቱካናማ አድርጎ ይመልሳል፤ ፎቶ የምትነሣው ሴት ፊት ላይ ያርፋል፣ ሰዓሊው ሸራ ላይም ያርፋል። ሰዓሊው ሳያውቀው ያንን ለማካካስ ሰማያዊ ይጨምራል፤ ሥዕሉ ሌላ ቤት ሲሰቀል የቀዘቀዘ ሆኖ ይገኛል። ደማቅ ቀለም የሚወድ ካለ የኮሪደሩን ጫፍ፣ የመደርደሪያውን ውስጥ ወይም የራሱን መኝታ ቤት ይውሰድ።

መስቀያ

ብዙ ቤት የሚበላሸው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አደርገዋለሁ።

የኮንዶሚኒየም ክፍል የሚከፍለው ግድግዳ በአብዛኛው ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት ነው። ከላይ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ልስን፣ ከዚያ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል የብሎኬት ከንፈር፣ ከዚያ ባዶ። የኮንክሪት ሚስማር በመዶሻ ስትመቱበት ከንፈሩ ይሰነጠቃል፣ ልስኑም የሳህን ያህል ይዞ ይወድቃል። ቢይዝም ከጊዜ በኋላ ይላላል። አራት ሰው እያንዳንዱ የየራሱን ሚስማር መምታት ከጀመረ በዓመቱ ግድግዳው ወንፊት ይሆናል።

የተሻለው መንገድ በአንድ ጊዜ በጥንቃቄ ተበስቶ ከዚያ በኋላ ማንም ሌላ ቀዳዳ የማይበሳበት የእንጨት መስቀያ ነው። 2 በ4 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ ጣውላ በግድግዳው ርዝመት ልክ አስቆርጡ። በብርጭቆ ወረቀት ፍቁት፣ በግድግዳው ቀለም ቀቡት። ከወለል 2.20 ሜትር ላይ በውሃ ልክ መስመር አስምሩ፤ የኮንዶሚኒየም ወለልና ጣሪያ ሁልጊዜ ልክ ስላልሆነ ከጣሪያው እየለካችሁ አታስምሩ። ለ4 ሜትር ጣውላ 8 ቀዳዳ ይበቃል፤ ከሁለቱ ጫፎች 10 ሳንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ የቀሩትን በ54 ሳንቲ ሜትር ርቀት አስቀምጡ።

ከመብሳት በፊት ሁለት ነገር እዩ። ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ ቀጥታ ወደ ላይና ወደ ታች ያለው መስመር ውስጥ ገመድ ያልፋል ብላችሁ ገምቱ፤ ከዚያ መስመር ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ራቁ። ከዚያ በጣታችሁ አንጓ አንኳኩ። ድምፁ የሚያስተጋባ ከሆነ ብሎኬት ነው፣ ድፍን ከሆነ የአርማታ ዓምድ ወይም አግዳሚ ነው። ሁለቱ የሚበሱት በተለያየ መንገድ ነው።

ለብሎኬቱ ትራፓኖውን (የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያውን) ከመምታት ወደ መዞር ብቻ ለውጡት። እየመታ ከበሳ የከንፈሩ ጀርባ ተሰብሮ ይወድቃል፤ ከፊት ቀዳዳው ትንሽ፣ ከኋላ ሰፊ ይሆንና ፊሸሩ፣ ማለትም ብሎኑ የሚገባበት የፕላስቲክ መያዣ፣ የሚይዘው ያጣል። ምልክቱ ላይ የወረቀት ፕላስተር ለጥፉ፣ ልስኑ እንዳይፈነጠር። ባለ 8 ሚሊ ሜትር ፑንታ (የትራፓኖ መብሻ) ተጠቀሙ፤ አንድ ሰው ከሥር ፖስታ ይያዝ፣ አቧራው ሶፋ ላይ እንዳይወርድ። ፑንታው ድንገት ወደ ውስጥ ሲሸሽ ባዶው ጋ ደርሳችኋል፣ አቁሙ። ፊሸሩ ርዝመቱ 5 ሳንቲ ሜትር፣ ዓይነቱም ብሎኑ ሲጠብቅ ከጀርባ የሚቋጠር ወይም የሚከፈት ይሁን። ተራው አጭር ፊሸር ልስኑ ውስጥ ብቻ ይቀራል፤ ብሎኑን ስታጠብቁ አብሮ ይዞራል። አርማታው ላይ ደግሞ ትራፓኖው መምታት አለበት፤ እዚያ ተራው ፊሸር ይበቃል።

አሁን ብዙዎች የሚረሱት ነገር። ጣውላውን ግድግዳው ላይ አጣብቃችሁ ከመታችሁት መንጠቆ የሚገባበት የለም። በእያንዳንዱ ብሎን ላይ፣ በጣውላውና በግድግዳው መካከል 1 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የኮምፔርሳቶ ቁራጭ አስገቡ። በተፈጠረው ክፍተት ከ3 ሚሊ ሜትር ሽቦ በፒንሳ ያጠፋችሁት መንጠቆ ከላይ ይገባል፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝም ይንሸራተታል። ጣውላው 2፣ ክፍተቱ 1፣ ፊሸሩ 5 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ብሎኑ 8 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት። በአንድ ብሎን አካባቢ ከ5 ኪሎ በላይ አትስቀሉ። ከባድ መስታወት ዓምዱ ላይ ይሰቀል ወይም ወለል ላይ ቆሞ ግድግዳ ይደገፍ።

ለመስቀያው ገመድ ናይለን ይሻላል፤ የቃጫ ሲባጎ መልኩ ቢያምርም በክረምትና በበጋ መካከል ስለሚለጠጥና ስለሚሰበሰብ ሥዕሉ ይዘማል። የሥዕሉ መሐል ከወለል 150 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ ይዋል። ቡና የሚፈላበት ጥግ ግን ሰው በርጩማ ላይ ዝቅ ብሎ የሚቀመጥበት ስለሆነ እዚያ ወደ 120 አውርዱት።

መስቀያው ሲጠናቀቅ የቤቱ ክርክር በግማሽ ይቀንሳል። አንዱ ሥራ የማይስማማው ካለ ሥራው በአንድ ደቂቃ ወርዶ ሌላ ይሰቀላል። በየወሩ ተራ ግቡ፤ ግድግዳው በዚያ ወር የአንድ ሰው ይሁን። አንደኛው ግድግዳ ደግሞ ምንም ሳይሰቀልበት ይቆይ። ለፎቶ ዳራ ይሆናል፣ ዓይንም የሚያርፍበት ያገኛል።

ግድግዳ ላይ መሣል ለሚፈልግ

ሁልጊዜ አንድ ሰው ትልቅ ሥዕል በቀጥታ ግድግዳው ላይ መሣል ይፈልጋል። የሀገራችን ሰዓልያን ለዚህ የቆየ መልስ አላቸው። በጣና ገዳማት የምናያቸው የመቅደስ ሥዕሎች ብዙዎቹ በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥለው ግድግዳ ላይ የተለጠፉ ናቸው። እናንተም በአቡጀዲድ ላይ ሣሉ፤ ነገር ግን አትለጥፉት፣ ስቀሉት። ኪራይ ቤት ውስጥ የተለጠፈ ጨርቅ እርጥበት ይዞ ከጀርባ ይሻግታል።

አቡጀዲዱን ከመቁረጣችሁ በፊት በሙቅ ውሃ እጠቡት፣ ይሸበሸባል፤ ካልታጠበ የሚሸበሸበው ከተሣለ በኋላ ነው። በሞራሌ እንጨት ፍሬም ላይ ወጥራችሁ በስቴፕለር ምቱት። 1 እጅ ኮላ በ4 እጅ ውሃ አንድ ጊዜ አጠጡት። ሲደርቅ ነጭ የውሃ ቀለም ሁለት ዙር ቀቡ፣ በመካከሉ 180 ቁጥር በሆነ ብርጭቆ ወረቀት በስሱ እሹት። ወለል ላይ አንጥፋችሁ ከቀባችሁት ሲደርቅ ያኮማትራል፤ መወጠሩ ለዚህ ነው። ሥዕሉ ሲያልቅ ከፍሬሙ አውጡት፣ ከላይና ከታች ቀጭን ጣውላ ምቱበት፣ መስቀያው ላይ ስቀሉት። የታችኛው ጣውላ ክብደት ሆኖ ቀጥ ያደርገዋል። ቤት ስትቀይሩ አትጠፉት፤ የተሣለው ወደ ውጭ ሆኖ በቱቦ ላይ ይጠቅለል።

ብርሃን

ሰዓሊ ክፍል ሲመርጥ ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት ይሻላል የሚለውን ምክር ከአውሮፓ መጻሕፍት ያገኘዋል። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ወደ ሰሜን ነች። ከሚያዝያ መጀመሪያ አንሥቶ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ድረስ የቀትር ፀሐይ በስተሰሜን በኩል ትሆናለች። ቀትር ላይ በጣም ከፍ ስለምትል ወደ ቤት የምትገባው ጥቂት ነው፤ ጠዋትና ማታ ግን በሰያፍ ትገባለች። ስለዚህ በእነዚያ ወራት የሰሜኑ መስኮት ላይ ነጭ ስስ ጨርቅ ጋርዱ። በቀሩት ወራት ምክሩ ለእኛም ይሠራል።

በዚህ ከፍታ ፀሐዩ ብርቱ ነው። በተራ ኢንክጄት የታተመ ፎቶ ፀሐይ በቀጥታ በሚያርፍበት ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ መጀመሪያ ቀዩ ከዚያም ሌላው እየሳሳ ይሄዳል። ፎቶዎች መስኮቱ ባለበት ግድግዳ በኩል ይሰቀሉ፤ የሽሮ ሜዳ ባለ ጥለት መጋረጃም ከጀርባው ገበር ይሰፋለት።

አምፖል ስትገዙ በአንድ ክፍል ቢጫና ነጭ አትቀላቅሉ። ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ፦ 6500 የሚለው ሰማያዊ ቀመስ ነጭ ነው፣ 3000 የሚለው ቢጫ። ለሥራ ጠረጴዛ 4000 ካገኛችሁ እሱን ውሰዱ፤ ለሳሎን ማታ 3000 ይበቃል።

ሙያ ከሙያ ሲጋጭ

ልብስ ስፌትና የዘይት ቀለም በአንድ ክፍል አይሄዱም። ጨርቅ ሲቆረጥ የሚነሣው ብናኝ እርጥብ ሸራ ላይ ይቀመጣል፣ የዘይት ቀለም ደግሞ ለመድረቅ ቀናት ይፈልጋል። ስፌቱ በረንዳው አጠገብ ይሁን፣ የሚደርቅ ሥዕል መኝታ ቤት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቁም። የመቁረጫ ጠረጴዛ ከፍታው ከ90 እስከ 95 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ በምግብ ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብሎ መቁረጥ ወገብ ይገድላል።

የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጨማዶ ሲጣል እየደረቀ ራሱን ያሞቃል፤ ክምር ከሆነ እሳት ሊያነሣ ይችላል። ይህ የሰዓሊ ቤት ትልቁ አደጋ ነው። ክዳን ባለው የቆርቆሮ ዕቃ ውስጥ፣ ውሃ ተጨምሮበት ይቀመጥ ወይም ውጭ አንድ በአንድ ተሰጥቶ ይድረቅ። ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ በፍጹም።

የእንጀራ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ይወስዳል፣ የልብስ ካውያ 2,000 ያህል። ሁለቱ አብረው ሲበሩ ብሬከሩ ቢወርድ ብሬከሩ ሥራውን ሠራ እንጂ አልተበላሸም። በትልቅ አትቀይሩት፤ ግድግዳ ውስጥ ያለው ገመድ ያው ነው። የካውያ ሰዓትና የእንጀራ ሰዓት ለዩ። ሁለቱንም በዲቫይደር አትሰኩ።

ስለ ድምፅ፦ የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ለጎረቤት የሚሄደውን ድምፅ አያስቀርም፤ ቶሎም የሚቀጣጠል ነገር ነው። የክፍሉን ማስተጋባት ለመቀነስ 60 በ120 ሳንቲ ሜትር ፍሬም ሠርታችሁ አሮጌ የሱፍ ብርድ ልብስ 5 ሳንቲ ሜትር እስኪሆን አጥፋችሁ ሙሉት፣ በቀጭን ሸማ ሸፍኑት፣ ከግድግዳው 5 ሳንቲ ሜትር አርቃችሁ ስቀሉት። አራቱ የሳሎንን ድምፅ ይለውጡታል። ወለሉ ላይ የደብረ ብርሃን የሱፍ ምንጣፍ ካለ ግማሹን ሥራ እሱ ይሠራዋል። ስፒከር ከወለል ጋር አይነካካ፤ ወፍራም ስፖንጅ ላይ ይቀመጥ፣ ባሱ በአርማታው ወደ ታች ቤት ይሄዳልና። ክራርና ማሲንቆ ለጌጥ ሲሰቀሉ ከወጥ ቤት እንፋሎትና ከፀሐይ ይራቁ፤ ቆዳው በእርጥበት ይላላል፣ በፀሐይ ይሰነጠቃል።

ገንዘቡ

ቀለም፣ ጣውላ፣ ብሎን፣ አምፖል በእኩል ይዋጣ፤ ተበልቶ የሚያልቅ ነው። የሚቆይ ዕቃ ግን አራት ሰው አዋጥቶ አይግዛ። ሶፋውን አንዱ ይግዛ፣ ምንጣፉን ሌላው፣ የጅማውን በርጩማና ረከቦቱን ሦስተኛው፣ መደርደሪያውን አራተኛው፤ ዋጋቸው እንዲቀራረብ አድርጉ። አንድ ሰው ሲወጣ የራሱን ይዞ ይሄዳል፣ “የሶፋው ሩብ ስንት ነው” የሚል ሒሳብ የለም። ማን ምን እንደገዛ በግሩፓችሁ ላይ ከፎቶ ጋር ተጽፎ ይሰካ። ለአዲስ ዕቃም ለእያንዳንዱ ሰው አንድ “አይሆንም” የማለት መብት ስጡት፤ ድምፅ ብልጫ ከተሸነፈው ሰው ጋር በአንድ ሳሎን መኖርን ያከብዳል።

ስትወጡ መስቀያው ይፈታል። የሚቋጠረውን ፊሸር ጎትታችሁ ለማውጣት አትሞክሩ፣ ልስኑን ይዞ ይመጣል፤ አንገቱን በመዶሻ ቀስ ብላችሁ 1 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ግፉት። ስቱኮ ሁለት ጊዜ ሙሉ፤ የመጀመሪያው ሲደርቅ ይጎደጉዳል። በብርጭቆ ወረቀት አስተካክሉና ካስቀመጣችሁት ቀለም በትንሽ ሩሎ ቀቡ። በብሩሽ የተቀባ ጥገና ሩሎ ከነካው ግድግዳ ጋር ስለማይመሳሰል ከሩቅ ይለያል።